ከመንጋው የተነጠለችው፦ የአንዲት የመንዝ ሴት ድብርትና የሰውነቷ መከላከያ

ነገሩን ቀድሞ የተናገረው ወንድሟ ነው። እኔ አልሰማሁትም እንጂ።

«ዶክተር፣ እታለም እንደታመመች በግ ሆናለች» አለኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። «ከመንጋው ትነጠላለች። አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ሣር ፊቷ ቢያስቀምጡላት አትነካም።»

ፈገግ አልኩ። በግ አርቢ ሁሉም ነገር በግ ይመስለዋል ብዬ። ካርዱ ላይ «ከሰው መራቅ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት» ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ስድስት ሳምንት የፈጀብኝ ስህተት የተጀመረው እዚያች ላይ ነው።

ጉዳዩን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው። መንደሯን አልጠቅስም። ሊያስለዩዋት የሚችሉ ጥቂት ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ስሟን ስለማልጠራ እንደ ወንድሟ እታለም እላታለሁ።

እንዴት እንደመጣች

እታለም 41 ዓመቷ ነው። የምትኖረው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ብርዱ የማይለቅበት፣ ሰው በገብስና በበግ የሚኖርበት ደጋ። ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሱፍ ትፈትላለች። መንዝ በባናው፣ በሱፍ ብርድ ልብሱ፣ የታወቀ አገር ስለሆነ የፈተለችውን የሚገዛት አታጣም። የልጆቿ ደብተርና ጫማ የሚወጣው ከእንዝርቷ ነው።

ሐምሌ ላይ እንዝርቱን አስቀመጠችው። መጀመሪያ «ደከመኝ» ብቻ ነበር። ከዚያ ጎረቤት ቡና ሲጠራት መቅረት ጀመረች። ማኅበሯንም ሁለት ወር አከታትላ ቀረች፤ ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት በላብ ተዘፍቃ ትነቃለች። ልቧ ይደልቃል። ሆዷን ባር ባር ይላታል። ጥቅምት ላይ «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» ማለት ስትጀምር ቤተሰቡ ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ የሄደችበት መንገድ የብዙዎቻችን መንገድ ነው። በመጀመሪያ ጠበል። ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ ሁለት ሱባኤ ተጠመቀች። ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር ይላሉ። አልከራከርም፤ ቢያንስ ሰው መሀል ከርማለች። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ። እዚያ የተለመደው ተነገራት፦ ታይፎይድና ታይፈስ። (ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ያልተባለ ሰው ካለ ክሊኒክ ሄዶ የማያውቅ ነው።) መርፌም ተወጋች። ስለ መርፌው ስትነግረኝ ፊቷ ትንሽ በራ። «ሦስት ቀን ሰው ሆኜ ነበር። በላሁ፣ ተጫወትኩ። በአራተኛው ቀን ተመለሰብኝ።» በኋላ ወረቀቱን ሳየው ከተወጋችው አንዱ ዴክሳ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ሌላ ጤና ተቋም ድባቴ ነው ብሎ አሚትሪፕቲሊን አስጀመራት፤ ማታ ማታ 25 ሚሊግራም። ከጥምቀት በኋላ ወደ እኔ ተላከች።

እኔ ምን አደረግኩ

ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መጠይቅ ጠየቅኳት። ከ27 19 አመጣች። ይህ ከባድ የሚባለው ውስጥ ለመግባት አንድ ነጥብ የቀረው ነው። ምክንያት ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ባሏ ሞቷል፣ ሦስት ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቅኩም። «ለምን አሁን?» ባሏ የሞተው ከአራት ዓመት በፊት ነው። እነዚያን አራት ዓመታት ስትፈትል፣ ስትነግድ፣ ማኅበር ስትደግስ ኖራለች። ሐዘን እንዲህ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ አይቻለሁም። ግን ቢያንስ መጠየቅ ነበረብኝ።

የመድኃኒቱን መጠን ወደ 50፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ 75 ከፍ አደረግኩት። አፏ ደረቀ፣ ሆዷ ደረቀ፣ የልቧ ምት ባሰበት። ልብ ማስደለቅ የዚህ መድኃኒት አንዱ ጠባይ ነው። እኔ ግን «ጭንቀቱ ተባብሷል» ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቀን 47 ኪሎ ነበረች፤ በስድስተኛው ሳምንት 44። እሱንም ለድባቴው ሰጠሁት። አንዴ ስም ከወጣለት በኋላ ያየሁትን ሁሉ እዚያው ስም ውስጥ እየከተትኩ ነበር።

ያዳነን የመኪና ብልሽት ነው። የየካቲት ቀጠሯቸው ቀን ሚኒባሱ ጣርማ በር ላይ ቆመባቸውና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ሌላ ጊዜ የሚመጡት ጠዋት ነው። ለልምምድ የመጣች ተማሪ ሙቀቷን ለካችና «38.2 ነው፣ ትክክል ነው?» አለችኝ። ደግመን ለካን። ያው ነው።

ጠዋት የማይታይ፣ ወደ ማታ የሚመጣ ትኩሳት። የሌሊት ላብ። የክብደት መቀነስ። ይህን ማንኛውም የጤና ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። እውቀቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር የተቀመጠው።

«እትዬ፣ ነጠላዎን ከአንገትዎ ዝቅ ያድርጉልኝ» አልኳት። አንገራገረች። ወንድሟን ዞር በል አለችው። በግራ አንገቷ በኩል ሦስት ንፍፊቶች ነበሩ። ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ሌላ ማንም አላየም። እኔም በሁለት ቀጠሮ አላየሁም፤ የማይናገር ሰው ፊት ተቀምጬ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው።

የደም ምርመራው ብግነትን የሚጠቁመውን ኢኤስአር 98 አደረሰው፤ ለእሷ ዕድሜ ከ20 ብዙም ማለፍ የለበትም። ሄሞግሎቢኗ 10.1 ነው፤ ደም ማነስ አለባት። የኤችአይቪ ምርመራዋ ነጻ። የደረት ራጇም ንጹሕ። ከንፍፊቱ በመርፌ የተወሰደው ናሙና በጂን ኤክስፐርት ሲታይ ቲቢ ተገኘበት። ባክቴሪያው ለዋናው የቲቢ መድኃኒት ለሪፋምፒሲን የሚበገር ነው። የእጢ ቲቢ።

በጉ የሚያውቀው

እዚህ ላይ ወደ ወንድሟ ንግግር ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቤንጃሚን ሃርት የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም አንድ ነገር ጻፈ። የታመመ እንስሳ ከመንጋው የሚነጠለው፣ መብላት የሚያቆመው፣ አንገቱን የሚደፋው በበሽታው ስለተሸነፈ ብቻ አይደለም፤ አካሉ ራሱ ያዘዘው ነው አለ። ትኩሳት ማንደድ ብዙ ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ ሌላው ሥራ ሁሉ ይዘጋል፤ መሮጥ፣ መጋጨት፣ መጫወት፣ ሣር ፍለጋ መዞር። እኛ መጠይቅ ላይ «ለነገሮች ፍላጎት ማጣት» የምንለውን የመንዝ እረኛ ከአጥር ማዶ ያየዋል።

ትእዛዙ እንዴት አንጎል ይደርሳል? መከላከያ ሕዋሶቻችን ወራሪ ሲያገኙ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ዋናዎቹ ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ ናቸው። መልእክቱ በደም በኩል፣ ደምን ከአንጎል የሚለየው ማጣሪያ ሳሳ በሚልባቸው ቦታዎች ወደ አንጎል ይገባል። ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል የሚወጣው ቬገስ የተባለው ነርቭም ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርስ የአንጎል የራሱ ጠባቂ ሕዋሶች ይነቃሉ። ሴሮቶኒን የሚሠራበት ትሪፕቶፋን የተባለ ጥሬ ዕቃ አለ፤ ብግነት ሲኖር ከፊሉ ወደ ሌላ መስመር ይዞራል። «ደስ ይበልህ፣ ተነስና ፈልግ» የሚለው የዶፓሚን መንገድም ይቀዘቅዛል። እንዝርቱ ከእጅ የሚወድቀው እንዲህ ነው።

ከሦስቱ መልእክተኞች ቲኤንኤፍን በተለይ ልብ በሉት። ሰውነትን ስለሚያከሳ በአንድ ወቅት ካኬክቲን፣ ማለትም አክሲው፣ ይባል ነበር። የቲቢን ባክቴሪያ ከብቦ አጥር ውስጥ የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። የእታለም ሰውነት ከሐምሌ ጀምሮ ያንን አጥር ሲያጥር ነበር። ወጪው የተከፈለው ከሥጋዋና ከደስታዋ ነው።

ይህ የእንስሳት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ሰው ላይም ታይቷል። ለሄፓታይተስ ሲ እና ለአንዳንድ ካንሰር ሕክምና ኢንተርፌሮን አልፋ ይሰጥ ነበር፤ እሱም ከመከላከያ መልእክተኞች አንዱ ነው። መርፌውን ከሚወስዱት ብዙዎች ድባቴ ውስጥ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ሥራ 40 የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች ኢንተርፌሮን ሊጀምሩ ሲሉ ግማሾቹ ቀድመው የድባቴ መድኃኒት ወሰዱ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 45 በመቶ ከባድ ድባቴ ያዛቸው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 11 በመቶ። ሐዘን የለ፣ ድንገተኛ መርዶ የለ፤ የመከላከያ መልእክት ብቻ በመርፌ ገባ፣ ድባቴውም ተከተለ።

አሁን ወደ ዴክሳው። ዴክሳሜታሶን ብግነትን የሚያፍን ስቴሮይድ ነው። እታለም «ሦስት ቀን ሰው ሆኜ ነበር» ስትለኝ መልሱ እዚያው ነበር፤ መልእክተኞቹ ለሦስት ቀን ዝም ብለዋል። ስቴሮይድ በራሱም ስሜትን ከፍ ስለሚያደርግ ይህን እንደ ማረጋገጫ አልወስደውም። ፍንጭ ግን ነበር። አደገኛ ፍንጭም ነው። ያልታወቀ ቲቢ ላይ ዴክሳ መደጋገም አጥሩን እንደ ማፍረስ ነው።

ይህን የምለው «እንግዲያው ብግነቱን እናጥፋው» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ መድኃኒት አልሠራላቸው ላሉ 60 የድባቴ ታማሚዎች ኢንፍሊክሲማብ የተባለ ቲኤንኤፍን የሚያስር መድኃኒት ተሰጠ። በጥቅሉ ከባዶ መርፌ አልበለጠም። የተጠቀሙ የሚመስሉት ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክቱ ከፍ ያለባቸው ብቻ ነበሩ፤ ምልክቱ ዝቅ ያለባቸው እንዲያውም በባዶው መርፌ የተሻለ ሆነዋል። ስለዚህ ድባቴ ሁሉ ብግነት አይደለም። ደግሞም ይህ መድኃኒት የተኛ ቲቢን ስለሚቀሰቅስ ማንም ሳይመረመር አይወስደውም። ለእታለም ቢሰጣት ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ታዲያ ቲቢ ነበር ወይስ ድባቴ?

ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ አንዱ «በቃ፣ ድባቴ አልነበረም፤ ድባቴ የመሰለን ቲቢ ነው» አለ። አልተስማማሁም። የታመመች በግ ልጆቿን እንዳሳፈረች አታስብም። እታለም ግን «ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ፣ እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» ትል ነበር። ይህ ድካም አይደለም። ድባቴ ነበራት። ቲቢም ነበራት። አንዱ ሌላውን ይመግበው ነበር እንጂ አንዱ የሌላው ጭምብል አልነበረም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሽታውን ታውቀው ነበር። ስሙን ባትጠራም ትጠረጥረው ነበር። ንፍፊቱን በነጠላ የሸፈነችው «ነቀርሳ አለባቸው ከተባለ ልጄን ማን ያገባታል?» ብላ ነው። ያንን ብቻዋን ለወራት ተሸከመችው። ልብ የሚያስደልቅ ነገር ከፈለጋችሁ ይኸው።

ስድስቱ ወራት

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የቲቢ መድኃኒቷን ጀመረች። ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት፣ ከቫይታሚን ቢ6 ጋር። በሦስተኛው ቀን ማታ ወንድሟ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ሽንቷ ደም ሆነ!» ሪፋምፒሲን ሽንትን እንደሚያቀላ ሁላችንም ረስተን አልነገርናትም። ለተጨነቀ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መርሳት ቀላል ጥፋት አይደለም።

አዲስ የድባቴ መድኃኒት አልጨመርኩም። አሚትሪፕቲሊኑንም ቀስ በቀስ ቀንሼ በሦስተኛው ወር አቆምኩት። ሪፋምፒሲን ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያጠፋ ስለሚያደርግ፣ እኔ ከቀነስኩት በላይ ደሟ ውስጥ ያለው መጠን ወርዷል ማለት ነው። እሷ ግን በዚያው ጊዜ እየተሻላት ሄደች። በአራተኛው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። ዐቢይ ጾም ነበር። የንስሐ አባቷ «ታማሚ ነሽ፣ ብዪ» ብለው ፈቅደውላት ነበር፤ አልበላም አለች። በሽሮና በገብስ ቆሎ ሁለት ኪሎ ጨመረች።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ንፍፊቱ እንደገና አበጠ፣ ቀላ፣ አመማት። ስሜቷም አብሮ ወረደ። እንደገና ግድግዳ ዞራ ተኛች። «አልሠራም፣ ልተወው» አለች። ቲቢ ክፍል ያሉት ባልደረቦቼ መድኃኒቱ አለመሥራቱ እንዳልሆነ አስረዱን። በእጢ ቲቢ ላይ አንዳንዴ ይከሰታል። ባክቴሪያው ሲሞት ስብርባሪው ይበተናል፤ እየተነሳ ያለው መከላከያም በዚያ ላይ ይዘምታል። አሥር ቀን ያህል ቆየና እብጠቱ ጎደለ። ድብርቱም በዚያው ሰሞን ለቀቃት። በሥራ ዘመኔ አንገት ላይ ያለ እብጠትና የሰው ስሜት እንዲህ ተያይዘው ሲወጡና ሲወርዱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

መሻሏን በሌላ መንገድ ሊያስረዳ የሚችለውን እንዳልደብቅ፦ ወንድሟ በየሁለት ሳምንቱ አብሯት ይመጣ ነበር። ስም የሌለው ፍርሃቷም ስምና የማብቂያ ቀን አግኝቷል። ከምትወስዳቸው አንዱ አይሶናያዚድ ነው። የእሱ ዘመድ የሆነው አይፕሮናያዚድ እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ፣ ሲ ቪው ሆስፒታል ለቲቢ ታማሚዎች ሲሰጥ ሰዎቹ በደስታ መፈንጠዝ ጀምረው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች አንዱ የተገኘው እንዲህ ከቲቢ ክፍል ነው። ስለዚህ የእታለምን መሻል ሁሉ ለብግነቱ መብረድ አልሰጥም። በአንዲት ሴት ይህን መለየት አይቻልም።

መጠይቁ ግን አንድ ነገር አሳየኝ። በሁለተኛው ወር ነጥቧ 10 ነበር። የወረዱት የትኞቹ ናቸው? እንቅልፍ፣ ጉልበት፣ ምግብ፣ ፍላጎት። የቀሩት? ራስን መውቀስና «አልረባም» ማለት። በጉ የሚጋራን ክፍል በክኒኑ ሄደ። የሰው ብቻ የሆነው ቀረ። እሱን በወሬ ያዝነው፤ በየቀጠሮው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ልጇ ባለችበት። ልጅቷ «እኔን ለማግባት የእናቴን አንገት የሚመረምር ከሆነ ይቅርብኝ» ስትላት እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ መድኃኒቷን ጨረሰች። 52 ኪሎ ናት። ነጥቧ 6። ባና የሚሆን ሱፍ እየፈተለች እንደሆነ ነገረችኝ። ልቧ ግን አሁንም ገበያ ቀን ይደልቃል። ጎረቤት ቡና ስትሄድ ለብቻዋ የተለየች ሲኒ አለች፣ ጆሮዋ የተሰበረች። ሌላ ሰው አይጠጣባትም። «በትንፋሽም በሲኒም የማይተላለፍ ነው ብዬዎት የለ፣ ሳንባዎ ንጹሕ ነው» አልኳት።

«እርስዎማ ነግረውኛል» አለች። «ለእነሱስ ማን ይንገራቸው?»

ወንድሟ በመሀል ገባ። በግ ስትድን ዝም ብላ ገብታ ትቀላቀላለች፣ መንጋው አይጠይቃትም አለ። እታለም «በግ ቡና አይጠጣ» አለችው።

ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እዚያው ሆኜ ደወልኩ። ዝግ ነበር። በማግስቱ ስደውል አነሳች። ቡናው የሚፈላው በማን ቤት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የወንድሟን ቁጥር ሰጠኋት።